ፈሪሳዊውም አመስግኖ ነበር

በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ፣ አሜሪካ በምንኖር አማኞች መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ፓስተር፣ ታንክስጊቪንግን ብናከብር ችግር አለው?» አንዳንዱ የሚጠይቀው በዓሉን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላላገኘው ነው። ሌላው ልጁ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው ነገር ከንክኖት ነው፤ «ይህ ቀን ለነባሮቹ ሕዝቦች የኀዘን ቀን ነው ትለኛለች፤ ምን ልመልስላት?» ይላል። ብዙው ወገን ግን አይጠይቅም። ተርኪውን ከዶሮ ወጡ ጎን ያስቀምጣል፣ ይጸልያል፣ ይበላል። አገር ቤት ያላችሁ የተወደዳችሁ አንባብያንም፣ በዓሉ የእናንተ ባይሆንም ታግሣችሁ አንብቡኝ፤ ነገሩ ከተርኪ ያለፈ ነው።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ወደ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ልውሰዳችሁ። ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ወጡ። ስለ ፈሪሳዊው ስንሰብክ ሁልጊዜ የምናነሣው ትዕቢቱን ነው፤ ጸሎቱ በምን እንደሚጀምር ግን እናልፈዋለን። የሚጀምረው በምስጋና ነው። አንድም ነገር አልለመነም። ስለ ጾሙና ስለ አሥራቱ የተናገረውንም ጌታ ውሸት ነው አላለውም። ወደ መቅደስ ይዞት የመጣው ምስጋና ብቻ ነበር፤ ምስጋናው ግን አጠገቡ በቆመው ቀራጭ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። እንደዚያ ሰው ስላልሆነ አመሰገነ። ወደ ቤቱም ሳይጸድቅ ተመለሰ።

ከዚህ ጎን ዘዳግም 26ን አስቀምጡ። ገበሬው የምድሩን በኵራት በእንቅብ ይዞ ወደ ካህኑ ይመጣል። ገና ሳያመሰግን ግን ከየት እንደመጣ በአፉ መናገር አለበት፦ አባቱ የሚቅበዘበዝ ሰው እንደነበረ፣ በቍጥር ጥቂት ሆነው ወደ ግብፅ እንደወረዱ፣ እንደተጨነቁ፣ እንደጮኹ፣ እግዚአብሔርም እንደሰማ። እንቅቡን በእግዚአብሔር ፊት አኑሮ የሚሰግደው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻም ሌዋዊውና በመካከሉ ያለው መጻተኛ አብረውት ደስ ይላቸዋል። በዚህ ምስጋና ውስጥ ከማንም ጋር መወዳደር የለም።

ሁለቱም ሰዎች በእግዚአብሔር ቤት ቆመው ያመሰግናሉ። የታንክስጊቪንግ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ ታሪክ ነው።

ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1620 ከእንግሊዝ አገር ስትነሣ 102 መንገደኞች ይዛ ነበር። ከእነዚህ ከፊሎቹ ከእንግሊዝ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ከ1609 ጀምሮ በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ በስደት የኖሩ የአንድ ጉባኤ ምእመናን ነበሩ። ቋንቋው ባዕድ በሆነበት ከተማ በጉልበት ሥራ ያድሩ ነበር። ከላይደን ለመውጣት ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቻቸው ከእጃቸው እየወጡ፣ የአገሩን ጠባይ እየያዙ መሄዳቸው ነው። (ይህን ጭንቀት የማያውቅ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።) ፓስተራቸው ጆን ሮቢንሰን ከቀረው ሕዝብ ጋር በላይደን ቆየ፤ በኋላ ሊከተላቸው ነበር አሳቡ።

በኅዳር ወር ኬፕ ኮድ ሲደርሱ ብርዱ ገብቷል፣ ስንቃቸው አልቋል። አካባቢውን ሊያዩ የወጡት ሰዎች በአሸዋ የተሸፈነ ጉብታ አግኝተው ቆፈሩ። በእንቅብ የተቀመጠ በቆሎ ነበር፤ ናውሴት የሚባሉ የአገሩ ሰዎች የቀበሩት። አገር ቤት እህል በጉድጓድ ሲቀመጥ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሰው የነገ ዘር ነው። ወሰዱት። የራሳቸው እንዳልሆነ አውቀው፣ ባለቤቱን ስናገኝ እንከፍላለን ብለው ወሰዱት። በሚቀጥለው ፀደይ የዘሩት በቆሎ ይኸው ነበር። ስለዚህ የዚያ ዝነኛ ማዕድ መነሻ ሳያስፈቅዱ ከሌላ ሰው ጉድጓድ ያወጡት እህል ነው።

በዚያ የበረዶ ወራት ግማሽ ያህላቸው ሞቱ። በኋላ ገዥያቸው የሆነው ዊልያም ብራድፎርድ የጻፈውን ሳነብ ከሁሉ የሚይዘኝ አንድ ቦታ አለ። ሞቱ በበረታበት ጊዜ በእግራቸው የሚቆሙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ ይላል። እነዚህ እንጨት ይለቅማሉ፣ እሳት ያነድዳሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ የታመሙትን ያለብሳሉ፣ የሚያስጸይፈውን ልብሳቸውን ያጥባሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለቱን በስም ይጠራል፦ ሽማግሌና ሰባኪ የነበረው ዊልያም ብሩስተርና የጦር አዛዡ ማይልስ ስታንዲሽ። ብራድፎርድ ራሱ ታሞ በእጃቸው የታጠበ ሰው ነው። ሚስቱ ዶሮቲ በታኅሣሥ ከመርከቧ ወድቃ ሰጥማለች። በዚያ ወራት እግዚአብሔር የት ነበር ብሎ ለሚጠይቅ፣ ብራድፎርድ የሚያሳየው ራእይም ድምፅም የለውም። ልብስ የሚያጥቡትን ያሳያል፤ ለወንድሞቻቸው ያላቸውን እውነተኛ ፍቅር ያሳያል። እኔ የዮሐንስ ወንጌል 13ን በዚህ ቦታ ላይ አስባለሁ፤ ጌታ ለበዓል በተቀመጡት ደቀ መዛሙርት ዘንድ የተገኘው ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ሰው እንሂድ። እንግሊዛውያኑ የሰፈሩበት ቦታ ፓቱክሰት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1614 ቶማስ ሃንት የተባለ የመርከብ አዛዥ ከዚህ መንደርና ከናውሴት ከ20 በላይ ሰዎችን አታልሎ አሳፍሮ፣ ስፔን አገር ማላጋ ወስዶ በባርነት ሸጣቸው። ከእነርሱ አንዱ ቲስኳንተም ነው፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስኳንቶ ብለው የሚማሩት። ከባርነት አምልጦ እንግሊዝ አገር ገባ፣ ቋንቋቸውን ተማረ፣ በ1619 ወደ አገሩ ተመለሰ። መንደሩ ባዶ ነበር። ከ1616 ጀምሮ የገባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ጨርሶታል። ሜይፍላወር በደረሰች ጊዜ መሬቱ የተመነጠረ፣ ለእርሻ የተዘጋጀ ሆኖ የቆያቸው ለዚህ ነው።

ቲስኳንተም ነው በቆሎን እንዴት እንደሚዘሩ፣ ለማዳበሪያም ዓሣ እንዴት እንደሚቀብሩ ያስተማራቸው። ሰባኪዎች ይህን ሰው የፒልግሪሞቹ ዮሴፍ እያልን እንናገራለን፦ ወንድሞቹን እንዲያበላ በባርነት አስቀድሞ የተላከ። ብራድፎርድም የእግዚአብሔር መሣሪያ አድርጎ ነው ያየው። አልቃወምም። ነገር ግን ዮሴፍ አባቱንም ወንድሞቹንም በመጨረሻ አገኘ፤ ይህ ሰው አንድም አላገኘም። ያበላቸው የሸጡትን ሰዎች ወገን ነው። የእግዚአብሔርን እጅ በታሪክ ውስጥ ማየት የእምነት ሥራ ነው፤ የሌላው ሰው ሬሳ ለእኔ የተዘጋጀ በረከት ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ንጉሥ ጄምስ በ1620 ለቅኝ ግዛቱ በሰጠው ቻርተር ላይ ያ ወረርሽኝ ምድሪቱን ባዶ በማድረጉ እንደ እግዚአብሔር ስጦታ ተጽፏል። ታንክስጊቪንግ የሚባል በዓል ሳይኖር የፈሪሳዊው ምስጋና ቀድሞ ባሕሩን ተሻግሯል ማለት ነው።

ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ግን በዚያ ዓመት ሌላ ነገር አደረጉ፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አይሰበክም። በ1621 በጋ ጆን ቢሊንግተን የተባለ ልጅ ጠፋባቸው። አሥር ሰዎች በጀልባ ሊፈልጉት ወጡ። በመንገድ አንድ መንደር ሲያድሩ አንዲት እጅግ ያረጀች ሴት እንግሊዛውያንን ልታይ መጣች። እንዳየቻቸው ምርር ብላ አለቀሰች። ለምን ብለው ቢጠይቁ፣ ሦስት ልጆቿን ሃንት እንደወሰደባት ተነገራቸው። እነርሱም አዘኑ፤ ያ ሰው ክፉ እንደሆነ፣ የእንግሊዝ ሰው ሁሉ ሥራውን እንደሚጠላው ነገሯት፤ ጥቂት ስጦታም ሰጧት። ለሦስት ልጆች ምን ስጦታ ይመጣል? ግን አልቅሳ ስትነግራቸው ሰሙ፣ የወገናቸውን በደልም በደል ብለው ጠሩት።

ከዚያ ናውሴት ደረሱ። ልጁ በዶቃ ተሸልሞ በደኅና ተመለሰላቸው። የመለሱላቸው በቆሏቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ናቸው። እንግሊዛውያኑ የበቆሎውን ባለቤት ጠይቀው ዕዳውን ሊከፍሉ ተስማሙ።

ማዕዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመከሩ በቆሎው ያዘ፣ ገብሱ እንደነገሩ ሆነ፣ አተሩ ጠፋ። ኤድዋርድ ዊንስሎው በታኅሣሥ 1621 ወደ እንግሊዝ በላከው ደብዳቤ ስለ በዓሉ የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፦ አራት ሰዎች ወፍ ሊያድኑ ወጡ፣ የዋምፓኖአጉ አለቃ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ፣ ሦስት ቀን አብረው በሉ፣ እንግዶቹም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። እንግሊዛውያኑ 50 ያህል ነበሩ። አስቡት፦ ከአስተናጋጁ እንግዳው በእጥፍ ሊበልጥ ምንም አልቀረው፤ ሥጋውንም እንግዳው ነው ያመጣው። የአገራችን ሰው «የማን ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ዊንስሎው ያንን በዓል «ታንክስጊቪንግ» ብሎ አልጠራውም። ስሙ የተሰጠው ከ220 ዓመት በኋላ፣ በ1841 አሌክሳንደር ያንግ የተባለ ጸሐፊ ደብዳቤውን ሲያሳትም ነው። ለእነዚያ አማኞች «የምስጋና ቀን» ማለት በጸሎት ቤት የሚውሉበት የአምልኮ ቀን ነበር። ገናንም ፋሲካንም ከመጽሐፍ አላገኘነውም ብለው አያከብሩም ነበር፤ ብራድፎርድ በ1621 ገና ዕለት አዲስ መጤዎች በመንገድ ላይ ሲጫወቱ አግኝቶ መጫወቻቸውን ቀምቷቸዋል። (በዚህ ግን አልከተለውም።) የእነርሱ አቆጣጠር ሁለት ዓይነት ቀን ነበረው፤ መከራ ሲመጣ በጾም ራስን የማዋረድ ቀን ይታወጃል፣ ጸሎት ሲመለስ ደግሞ የምስጋና ቀን። በ1623 ከግንቦት እስከ ሐምሌ ዝናብ ጠፋ፤ በቆሎው ጠወለገ። ቀኑን ሙሉ ጾመው ራሳቸውን አዋረዱ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ወደ ማታ ደመና ተሰበሰበ፣ ከዚያም ለስለስ ያለ ዝናብ ለቀናት ዘነበ። ያን ጊዜ የምስጋና ቀን አወጁ። ለእነርሱ ምስጋና ብቻውን የሚመጣ ቀን አልነበረም፤ አስቀድሞ ተንበርክኮ የነበረ ሰው ነው የሚያመሰግነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

በዚያው በ1623 ስታንዲሽ፣ የበሽተኛ ልብስ ያጥብ የነበረው ያው ስታንዲሽ፣ ነባሮቹ ሰዎች ሊያጠቁን ነው በሚል በዌሳገሰት ጥቂት ሰዎችን ቤት አስገብቶ ገደለ። የአንዱን ጭንቅላት አምጥተው በፕሊመዝ ምሽግ ላይ ሰቀሉት። ወሬው ላይደን ሲደርስ ፓስተር ሮቢንሰን ደብዳቤ ጻፈ። ማንንም ከመግደላችሁ በፊት ጥቂቶቹን ወደ ክርስቶስ መልሳችሁ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ ነበር የሚል አሳብ ያለው ደብዳቤ ነው። መልእክቱን እንጂ መንጋውን ዳግመኛ አላየም፤ በ1625 እዚያው ላይደን ሞተ። ከአንድ ፓስተር ብዕር እንደዚህ የከበደ ዓረፍተ ነገር መውጣቱን አስባለሁ፤ ከሩቅ ሆኖ፣ የሚወዳቸውን ሰዎች።

በ1637 እንግሊዛውያንና አጋሮቻቸው በሚስቲክ የነበረውን የፔኮት ሕዝብ መንደር በሌሊት ከብበው አቃጠሉት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች፣ አለቁ። የማሳቹሴትስ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ድሉ የምስጋና ቀን አከበሩ። በ1675 ደግሞ ከማሳሶይት ልጅ ከሜታኮም ጋር ጦርነት ተነሣ። አባቱ ከ50 ዓመት በፊት አምስት አጋዘን ይዞ መጥቶ ነበር። ሜታኮም በነሐሴ 1676 ተገደለ፤ ጭንቅላቱ ፕሊመዝ የደረሰው ሕዝቡ ለምስጋና በተሰበሰበበት ቀን ነው። ለብዙ ዓመታትም በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

የዘጠኝ ዓመት ያህል ልጁ ተማርኮ ነበር። ምን ይደረግ ተብሎ ፓስተሮች ተጠየቁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጡ። ጆን ኮተንና ሳሙኤል አርኖልድ በአባት ክህደት ልጅም ሊገደል ይችላል ብለው ከቅዱሳት መጻሕፍት ምሳሌ ጠቀሱ፤ የቦስተኑ ኢንክሪስ ማዘርም ወደዚያው አዘነበለ። የብሪጅዎተር ፓስተር ጄምስ ኪት ግን 2 ዜና መዋዕል 25፥4ን አነሣ፤ ንጉሡ የገዳዮቹን ልጆች በሙሴ ሕግ መሠረት እንዳልገደለ የሚናገረውን። ልጁ ሞት ቀረለት፤ ለባርነት ተሸጠ። የሥነ መለኮት ኮሌጅ ያለፍን አገልጋዮች ይህን ታሪክ ማወቅ ያለብን ይመስለኛል። በዚያ ክርክር ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቃሉን የሚያውቁ ናቸው፤ በየጸሎት ቤታቸውም በምስጋና ቀን የሰበኩ ናቸው።

ዛሬ የምናውቀው ብሔራዊ በዓል የመጣው በሌላ ጦርነት መካከል ነው። ሣራ ሄል የተባለች የመጽሔት አዘጋጅ ቀኑ በአገር ደረጃ አንድ እንዲሆን ለዓመታት ስትጽፍ ቆይታ በመስከረም 1863 ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈች። ሊንከን በጥቅምት 3 አዋጁን አወጣ፤ ያረቀቀው ሚኒስትሩ ዊልያም ሴዋርድ ነው። ሰዎች የሚረሱት ግን ሊንከን በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30ን አስቀድሞ የጾምና ራስን የማዋረድ ቀን አድርጎ ማወጁን ነው። ያ አዋጅ በረከቱን ሁሉ በራሳችን ጥበብ ያገኘነው መስሎን የሰጠንን እግዚአብሔርን ረሳን ይላል፤ ዘዳግም 8ን የሚያውቅ ሰው ድምፁን ይለየዋል። የምስጋናው አዋጅም ቢሆን ስለ መከሩና ስለ ማዕድኑ ካመሰገነ በኋላ ሕዝቡ ስለ አገሩ ዐመፅ በትሕትና ንስሐ እንዲገባ፣ መበለቶችን፣ ወላጅ አልባ ልጆችንና ኀዘንተኞችን እንዲያስብ ይጠይቃል። ሊንከን ራሱ የ11 ዓመት ልጁን ዊሊን ከቀበረ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጻድቅ ላድርገው አይደለም፤ በ1862 በገና ማግስት 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ቀን የተሰቀሉት እርሱ በፈረመው ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ቀናት፣ የመዋረዱንና የምስጋናውን፣ በአንድ ዓመት ያወጀው ግን ይኸው ሰው ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ያንን ይዛ የመጣችውን ልጅ አትቆጧት። ከ1970 ጀምሮ የዋምፓኖአግ ልጆችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች በዚያው ሐሙስ ፕሊመዝ ላይ ለኀዘን ይሰበሰባሉ፤ የሚያለቅሱበት ምክንያት እውነት ነው። ያቺ አሮጊት ስለ ሦስት ልጆቿ ስታለቅስ ሰሚዎቹ እንዳደረጉት ቢያንስ መስማት ይገባናል። በዓሉን ግን ተዉት አልልም። ዘዳግም 26ን ክፈቱና አብራችሁ አንብቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ የ1676ቱ ፕሊመዝ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የምስክርነት ሰዓት ነው። «በመሥሪያ ቤቴ ሁሉም ሲቀነሱ ጌታ ለእኔ ግን…» ስንል፣ የተቀነሰው ሰው ሁለት ወንበር ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። «ወረቀቴ በስድስት ወር አለቀ» ስንል፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው እኅት ሃሌ ሉያ ትላለች፤ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። ስለ ተሰጠን አናመስግን ማለቴ አይደለም። ኢሳይያስ 57፥15 ከፍ ባለው ስፍራ የሚኖረው አምላክ መንፈሱ ከተዋረደው ጋርም እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ በምስክርነታችን ሰዓት እርሱ በየትኛው ወንበር እንደተቀመጠ ማየት አለብን።

በእኛ አጥቢያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ረቡዕን በጾም እንውላለን፤ ማታ ተሰብስበን ዘዳግም 26ን እናነባለን። ምስክርነት ሊሰጥ የሚነሣ ሰው ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት እዚህ አገር ሲመጣ ያበላውን ወይም ያሳደረውን አንድ ሰው ስም ይጠራል። አንዳንዱ የአክስቱን ልጅ፣ አንዳንዱ የስደተኞች ድርጅት ሠራተኛ ይጠራል። አምና አንዲት እናት የጠሩት አብራቸው ሆቴል ክፍል ታጸዳ የነበረች አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች፤ በመጀመሪያው ዊንተር ኮቷን አውልቃ ያለበሰቻቸው። «የት እንዳለች አላውቅም» አሉ። «ቋንቋ አልነበረኝም፤ በወጉ እንኳ አላመሰገንኳትም።» ስሟን ደግመው ጠሩና ተቀመጡ።